ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች በምናብ ሥፍራ ከሰው ጋራ መግባባትን ስለ ማስተማር

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች፥ ይልቁንም በብቸናና በሞጣ ላሉት የተጻፈ

ሰው ከሰው ጋራ ለመኖር የሚያስፈልገውን ሥርዓት አብዛኛው ልጅ ማንም ተቀምጦ ሳያስተምረው ይለምደዋል። ታላቅ ሰው ሲገባ መነሣትን፥ ሰላምታ ሲሰጡት መመለስን፥ የተቈጣውን ከተደሰተው በፊቱ መለየትን፥ በጨዋታ ጊዜ ተራ መጠበቅን ከእናቱ ጕያና ከጐረቤት ደጅ እያየ ያውቀዋል። ነገር ግን ይህን ሁሉ በማየት ብቻ ሊለምደው የማይቻለው ልጅ አለ። ይህ ልጅ ፊደልን ከባልንጀሮቹ ቀድሞ ይለይ ይሆናል፤ ሆኖም ስሙን ሲጠሩት ዘወር አይልም። የዕቃ ስም ሁሉ ያውቅ ይሆናል፤ ሆኖም ሲጠማው ውሃ ስጡኝ ማለት ይቸግረዋል። ልጆች ሲሰበሰቡ እርሱ ከግንብ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ድንጋይ ይደረድራል፤ ጩኸት ሲበዛበት ጆሮውን ይደፍናል ወይም ይሮጣል። ይህን አፈጣጠር የዛሬ ሐኪሞች ኦቲዝም ብለው ይጠሩታል።

ይህ ጽሑፍ አስቀድሞ ኦቲዝም ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ያስረዳል። ቀጥሎም በውጭ አገር ያሉ ሊቃውንት በኮምፒዩተር በተሠራ የምናብ ሥፍራ እነዚህን ልጆች እንዴት እንዳለማመዱ ይናገራል። በመጨረሻም መሣሪያው በሌለበት የገጠር ትምህርት ቤት የዚያን ሥራ ፍሬ ነገር እንዴት መፈጸም እንደሚቻል ያመለክታል። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ኦቲዝም ምን እንደ ሆነ

በ1943 ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም በአሜሪካ አገር 11 ልጆችን መርምሮ ጠባያቸውን በጽሑፍ ገለጠ። ከእርሱም በፊት ግሩንያ ሱካሬቫ የተባለች የሩስያ ሐኪም የሚመስለውን ነገር ጽፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ምርመራ ኦቲዝም ከልጁ ጋራ አብሮ የሚወለድ የአእምሮ አሠራር ልዩነት መሆኑ ታውቋል። ከአንዱ ወደ አንዱ አይተላለፍም፤ ትልቁም ምክንያት ከዘር የሚወረስ ነው።

ስለ ምክንያቱ ብዙ ስሕተት ተነግሯል። እኛ ዘንድ እርግማን ነው፥ ርኩስ መንፈስ ነው፥ የወላጅ ኀጢአት ነው የሚል አለ። ስሕተቱ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። ከሰባ ዓመት በፊት በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩ የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ስላልወደደችው ነው እያሉ ብዙ እናቶችን አሳዝነዋል፤ ኋላም ነገሩ ሐሰት መሆኑ ተረጋገጠ። እንደዚሁም በ1998 በእንግሊዝ አገር ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ነበር፤ በ2010 ግን ያተመው መጽሔት ራሱ ሰረዘው። ስለዚህ ልጅን ከማስከተብ የሚከለክል ምክንያት የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ከ127 ሰዎች መካከል አንዱ ያህል ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። በዚህ ግምት 500 ሰው በተሰበሰበበት ዘንድ አራት ያህል ይገኛሉ ማለት ነው። በትምህርት ቤታችን አንድም የለም የሚል መምህር ቢኖር፥ ልጆቹ ከቤት ሳይወጡ ቀርተው እንደ ሆነ ይጠይቅ።

ይሁን እንጂ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ አንድ ቃል አይናገርም፤ ሌላው ስለሚወደው ነገር ሲጀምር አያቋርጥም። አንዱ ሰው ሲነካው ይሸሻል፤ ሌላው ሰውን አጥብቆ ያቅፋል። መምህሩም ዝም የሚለውን ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት እንዳይል ይጠንቀቅ። አስቀድሞ የልጁ ጆሮ መስማቱ ይመርመር፤ ከዚያም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል ወደ ሐኪም ይመራ። ስሙን መስጠት የሐኪም ነው፤ የመምህሩ ሥራ ያየውን በጥንቃቄ መናገርና ልጁን ከክፍል አለማስወጣት ነው።

በአገራችን የተደረገው ሥራ

በአገራችን ለእነዚህ ልጆች ከተከፈቱት ቤቶች ስሙ የታወቀው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ጆይ የኦቲዝም ማእከል ነው። ወይዘሮ ዘሚ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ፤ ለልጃቸው የሚስማማ ትምህርት ቤት ቢያጡ ለእርሱም ለሌሎችም ብለው ሥራውን ጀመሩ። አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ ዘዴም አዘጋጁ፤ ይኸውም ንግግር የቸገራቸው ልጆች በፊደላችን ድምፅ እየተመሩ አፋቸውን እንዲፈቱ የታሰበ ነው። እርሳቸው በ2021 ዐረፉ። በወላጆች የተቋቋመው ነህምያ የኦቲዝም ማእከልም በዚያው በአዲስ አበባ ተከፍቷል።

የእነዚህ ልጆች አሳዳጊዎች የሚሸከሙትን ኀዘን በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ያሳያል። በአዲስ አበባ ባሉ ሁለት የሕክምና ቤቶች የአእምሮ እድገት እክል ያለባቸውን ልጆች ይዘው የመጡ 102 አሳዳጊዎች ተጠይቀው፥ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው በልጃችን ሁኔታ እናፍራለን አሉ፤ ከአራቱም አንዱ ያህል ነገሩን ከሰው ለመሰወር እንደሚጥር ተናገረ። ይህ ሐኪም ቤት ከደረሱት የተሰማ ነው። የተሰወረ ልጅ ግን ሰው አያይም፤ ሰው ያላየ ልጅ ደግሞ ከሰው ጋራ መኖርን ከየት ይማራል? በዚህ ምክንያት ኀፍረቱ ችግሩን ያበዛዋል።

የምናብ ሥፍራ ምንድር ነው?

የምናብ ሥፍራ ማለት በኮምፒዩተር የተሳለ፥ ሰው ሲመለከተው በውስጡ የቆመ የሚመስለው ቦታ ነው። አንዳንዱ እንደ ሥዕል በመስተዋቱ ላይ ይታያል። አንዳንዱ ዓይንን በሚሸፍን ታላቅ መነጽር ይታያል፤ ሰውየው ራሱን ሲያዞር ሥፍራውም አብሮ ይዞራል። ገበያ፥ መንገድ፥ የትምህርት ክፍል፥ የፈለጉት ሁሉ ሊሣል ይችላል፤ በውስጡም የተሳሉ ሰዎች ይሄዳሉ፥ ይናገራሉ።

ጥቅሙን በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌላው የጎጃም ጉባኤ ቤት ቅኔ የተማረ ሰው በቀላሉ ያስተውለዋል። ተማሪው ቅኔ እንደ ቈጠረ ወዲያው በበዓል ቀን በማኅሌት መካከል አይቆምም። አስቀድሞ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፤ ተማሪው አፍርሶ እንደ ገና ይቈጥራል። በጉባኤ ቤት የተሰበረ ቅኔ ማንንም አይጐዳም፤ በጉባኤ ቤት ብዙ ጊዜ የተሰበረለት ተማሪ ግን በማኅሌት አይደናገጥም። ለኦቲዝም ልጅ ገበያውም፥ አውቶቡሱም፥ የልጆች ጨዋታም ማኅሌቱ ነው፤ እኛ ያለ ጉባኤ ቤት በአንድ ጊዜ እዚያ እናቆመውና ሲሳሳት እንቈጣዋለን። የምናብ ሥፍራ የጐደለውን ጉባኤ ቤት ለመተካት የተሠራ ነው።

ሊቃውንቱ ካደረጉት ፈተና አራቱን እንጥቀስ። በ1996 ዶሮቲ ስትሪክላንድ የተባለች ሊቅ ከባልደረቦቿ ጋራ ሆና ለሁለት ልጆች መነጽሩን አድርጋ የመኪና መንገድ አሳየቻቸው፤ ልጆቹም መነጽሩን ተቀብለው የሚያልፈውን መኪና በዓይናቸው ሊከተሉ ቻሉ።

በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ፒተር ሚቸልና ሣራ ፓርሰንስ የተባሉ መምህራን የምናብ ቡና ቤት ሠሩ፤ የሥራቸውም ውጤት በ2007 ታተመ። ስድስት ወጣቶች ወደዚያ ቤት እየገቡ የት እንቀመጥ፥ ባዶ ወንበር ከሌለ ማንን እንጠይቅ፥ እንዴትስ እንጠይቅ እያሉ ተለማመዱ። ከዚያም የእውነተኛ ቡና ቤትና የእውነተኛ አውቶቡስ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ታይቷቸው የት እንደሚቀመጡና ስለ ምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ፥ በብዙው ከቀድሞው ይልቅ የተሻለ መልስ ሰጡ።

በ2013 በአሜሪካ በዳላስ ስምንት ጐልማሶች በአምስት ሳምንት ውስጥ 10 ጊዜ በምናብ ሥፍራ ከሰው ጋራ መነጋገርን ተለማምደው፥ የሰውን ስሜት ከፊቱና ከድምፁ በመለየት ብልጫ አሳዩ። በ2014 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ዘጠኝ ልጆች ግድግዳው ሁሉ ሥዕል በሚያሳይ ክፍል ውስጥ ከሚፈሩት ነገር ጋራ ቀስ በቀስ ተለማመዱ፤ ከዘጠኙም ስምንቱ ያንን ነገር በእውነተኛው ሥፍራ ሊጋፈጡት ቻሉ።

ጥቅሙና ጕድለቱ

ከእነዚህ ፈተናዎች የምናብ ሥፍራ ኀይሉ በአራት ነገር እንደ ሆነ እንረዳለን። ስሕተት ሲደረግ የሚስቅ ወይም የሚቈጣ የለም። ያው ነገር ሳይለወጥ ብዙ ጊዜ ሊደገም ይቻላል። ጩኸቱንና የሰውን ብዛት እንደ ልጁ ዐቅም ማሳነስና መጨመር ይቻላል። ደግሞም ነገሩ በዓይን ይታያል። ይህ የመጨረሻው ታላቅ ነገር ነው፤ ብዙ የኦቲዝም ልጆች የሌለውን እንዳለ አድርገህ ቍጠረው ሲሏቸው ይቸገራሉና። ሌሎቹ ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ጠጠሩ ዳቦ ነው ቢሉ ይስማማሉ፤ እርሱ ግን ጠጠር ጠጠር ነው ብሎ ይቆማል።

ጕድለቱም መነገር አለበት። አንደኛ፥ ፈተናዎቹ የተደረጉት በጥቂት ሰዎች ላይ ነው፤ ለልጅ ሁሉ ይበጃል ተብሎ አይደመደምም። ሁለተኛ፥ መነጽሩ ራሱን የሚያዞረው ወይም በፊቱ ላይ ዕቃ መታሰሩን የማይወድ ልጅ አለ። ሦስተኛና ዋነኛው፥ በምናብ ሥፍራ የተማሩት በዚያው ሊቀር ይችላል። በሥዕሉ ገበያ የለመደ ልጅ በእውነተኛው ገበያ ሽታው፥ አቧራው፥ ግፊያው ሲያገኘው የተማረውን ሊያጣው ይችላል። ስለዚህ ወደ እውነተኛው ሥፍራ የማያደርስ ልምምድ በበዓል ቀን እንዳልተባለ ቅኔ ነው።

አራተኛ፥ የሌላ አገር የምናብ ሥፍራ የሌላ አገር ጠባይ ያስተምራል። በብዙ የውጭ ትምህርት ልጁ የሚያነጋግረውን ሰው ዓይን ለዓይን እንዲያይ ይመከራል። በእኛ አገር ግን በሽማግሌ ፊት ዓይኑን ዝቅ ያደረገ ልጅ ጨዋ ይባላል። ለብዙ የኦቲዝም ሰዎችም ዓይን ለዓይን መተያየት የሚያስጨንቅ መሆኑን ራሳቸው ተናግረዋል። በዚህ ነገር የእኛ ሥርዓት ለልጁ ይቀልለዋልና አናስገድደው። ይልቁንም የእኛን እናስተምረው፤ ታላቅ ሲገባ መነሣትን፥ የሰጡትን በሁለት እጅ መቀበልን፥ ከምግብ በፊት እጅ ለመታጠብ ተራ መጠበቅን።

በገጠር ትምህርት ቤት እንዴት ይደረጋል?

መነጽሩና ኮምፒዩተሩ ባይኖር አራቱ ነገሮች በትምህርት ቤቱ ግቢ ሊገኙ ይችላሉ። መምህሩ በሚከተለው መንገድ ይጀምር።

1ኛ፤ አንድ ነገር ብቻ ይምረጥ። ከሁሉ በፊት መመረጥ ያለበት «ስምህ ማን ነው? የማን ልጅ ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድ ብዙ መኪና ያልፍበታል፤ የገበያም ቀን ሰው ይበዛል። ከእናቱ እጅ አምልጦ የጠፋ ልጅ ይህን አንድ መልስ ካወቀ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ካላወቀ ግን የሚሆነውን እግዜር ያውቃል። መናገር የማይችለው ልጅ ስሙ፥ የአባቱ ስምና ቀበሌው የተጻፈበትን ካርቶን በአንገቱ ይያዝ፤ ሰው ሲጠይቀው ያንን ማሳየት ይለማመድ።

2ኛ፤ ሥፍራውን ይሥራ። ገበያ መግዛትን ለማስተማር በግቢው መሬት ላይ የገበያውን መንገድና መደብ በአመድ ይሥመር። ጠጠርን ሽንኩርት ነው አይበል፤ እውነተኛ ሽንኩርት፥ እውነተኛ ሰፌድ፥ እውነተኛ ብር ያቅርብ። ሻጭ የሚሆን አንድ ትዕግሥት ያለው ተማሪ ይምረጥ።

3ኛ፤ ሥራውን ይከፋፍል። ሽንኩርት መግዛት ለእኛ አንድ ሥራ ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን ሰባት ነው። ወደ ሻጯ መቅረብ፥ ሰላምታ መስጠት፥ የሚፈልገውን መናገር ወይም በጣቱ ማመልከት፥ ብር መስጠት፥ መልስ እስኪሰጡት መቆም፥ ዕቃውን መቀበል፥ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት። ሰባቱም እያንዳንዳቸው በካርቶን ላይ ተስለው በተራ ቢቀመጡ ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን ያያል፤ የሚመጣውንም ማየቱ ፍርሃቱን ይቀንስለታል።

4ኛ፤ ጫናውን ቀስ በቀስ ይጨምር። በመጀመሪያ ልጁና ሻጩ ብቻ ይሁኑ። ይህ ሲለመድ ሁለት ልጆች ከአጠገብ ይቁሙ፤ ከዚያም ሌላ ገዢ ይቅደመውና ተራ ይጠብቅ፤ ከዚያም ጥቂት ጩኸት ይሁን። ልጁ ጆሮውን ከደፈነ ወይም ከተንቀጠቀጠ መምህሩ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለስ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

5ኛ፤ ስሕተትን ያቃልል። ልጁ ሲሳሳት አለንጋ አይነሣ፤ የሚስቅም ተማሪ አይኑር። ጨዋታው ቆሞ ልጁ ከተሳሳተበት ደረጃ ይጀመር። በትክክል ሲያደርግ የሚወደውን ነገር ለጥቂት ጊዜ ይስጠው፤ ድንጋይ መደርደር የሚወድ ከሆነ ይደርድር። ይህ ለእርሱ ዕረፍቱ ነውና አይከልክለው።

6ኛ፤ ወደ እውነተኛው ሥፍራ ያድርሰው። የእጅ ስልክ ያለው መምህር ከትምህርት ቤት እስከ ብቸና ገበያ ያለውን መንገድና አንዲት የታወቀች ሻጭ የምትቀመጥበትን ሥፍራ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ይቅረጽና ለልጁ ደጋግሞ ያሳየው። ይህች ትንሽ ሥዕል እኛ ልንሠራት የምንችላት የምናብ ሥፍራ ናት። ከዚያም ገበያው ሳይሞላ በማለዳ፥ ነገሩ አስቀድሞ ወደ ተነገራት ሻጭ ይውሰደው። ይህ ሲሳካ ወደ ሌላ ሻጭ፥ ሰውም ወደሚበዛበት ሰዓት ይሸጋገር። በሞጣም መናኸሪያ እንደዚሁ ይደረግ፤ በክፍል ውስጥ ወንበሮች እንደ አውቶቡስ ተደርድረው ለረዳቱ ሒሳብ መስጠትና ባዶ ቦታ መጠየቅ ይለመድ፤ ከዚያ በኋላ የቆመ አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ መውረድ፥ በመጨረሻም አጭር መንገድ መሄድ ይከተል።

7ኛ፤ ይመዝግብ። በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፥ ልጁ ብቻውን ያደረገውን ደረጃና በርዳታ ያደረገውን በየጊዜው ይጻፍ። የእነዚህ ልጆች እድገት ጥቂት በጥቂት ስለ ሆነ ያልተጻፈ እንደ ሆነ ምንም አልተማረም ተብሎ ሥራው ይተዋል። መምህሩም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ቢዛወር የሚተካው ከመጀመሪያ አይነሣም።

ሌላው ሰው የሚማረው

እስካሁን የተናገርነው ልጁ ስለሚማረው ነው። ነገር ግን መግባባት የሁለት ወገን ሥራ ነው። በ2012 ዴምየን ሚልተን የተባለ፥ ራሱ ኦቲዝም ያለበት የእንግሊዝ አገር ሊቅ፥ የኦቲዝም ሰው ሌላውን መረዳት የሚቸግረውን ያህል ሌላውም እርሱን መረዳት ይቸግረዋል ሲል ጻፈ። በ2013 ደግሞ ስቱዋርት ደንከን የተባለ የካናዳ ሰው፥ ለራሱም ለልጁም ኦቲዝም ስላለባቸው፥ ሚንክራፍት በሚባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ለእንደዚህ ያሉ ልጆች የተለየ ሥፍራ ከፈተ፤ ስሙም አውትክራፍት ይባላል። እርሱ ያሰበው የልጆቹን ጠባይ ለመለወጥ አልነበረም፤ የሚሰድባቸው ሳይኖር ባልንጀራ እንዲያገኙ ነው። ባልንጀራ የማፍራት ፍላጎት በልጆቹ ዘንድ እንዳለ፥ የሚጐድለውም የሚታገሥ ሥፍራ እንደ ሆነ ይህ ያስረዳል።

እንግዲህ መምህሩ ልጁን ለገበያ ሲያዘጋጅ ክፍሉንም ለልጁ ያዘጋጅ። ልጁ ሰላምታ ሳይመልስ ቢቀር ንቀት እንዳልሆነ፥ ጆሮውን ቢደፍን ጩኸት እንደሚያሳምመው፥ ጥያቄ ሲጠይቁት በአጭር ቃል ተናግረው ጥቂት መጠበቅ እንዳለባቸው ለተማሪዎቹ ይንገራቸው። ይህን ያልተማሩ ልጆች ያላገጡበት እንደ ሆነ የሦስት ወር ልምምድ በአንድ ቀን ይፈርሳል።

እናንተም የአገር ሽማግሌዎች፥ በዚህ ሥራ መምህሩ ሊያደርገው የማይችል አንድ ነገር በእጃችሁ አለ። ልጅ የተሰወረበትን ቤት የሚያውቅና በአክብሮት ገብቶ የሚናገር ሽማግሌ ነው። በቤት ውስጥ የታሰረ ወይም ከጐረቤት የተደበቀ ልጅ መኖሩን ስትሰሙ ወላጆቹን አትውቀሱ፤ በኀፍረትና በድካም ያደረጉት ነውና። ጥፋት የማንም አለመሆኑን ንገሯቸው፤ ጠበል ቢወስዱትም ትምህርቱንና ሐኪሙን አብረው እንዲይዙ ምከሯቸው። እናቲቱ ገበያና ለቅሶ ትደርስ ዘንድ ልጁን ለጥቂት ሰዓት የሚጠብቅላት ሰው ከዕድሩ ወይም ከማኅበሩ ፈልጉላት። ልጁም በግቢው ከተሠራው ገበያ ወጥቶ ወደ እውነተኛው ገበያ በሚመጣበት ቀን ከመንገዱ ዳር ተቀምጣችሁ «የማን ልጅ ነህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱ ቢዘገይም ታግሣችሁ ጠብቁት።